ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የሚደወል ደወል፦ የሎውል የፋብሪካ ሴቶች ጉዳይ

ሎውል በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከቦስተን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ አንድ የድሮ የጥጥ ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል። ምድር ቤቱ ውስጥ የሽመና ማሽኖች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ለጎብኚ የሚያስነሱት ጥቂቶቹን ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ መግቢያው ላይ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣሉ። እኔ ሳልደፍን ገባሁ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እስከ ጉልበቴ ተሰማኝ። አጠገቤ የቆመች ጓደኛዬ አፏን ስታንቀሳቅስ አያለሁ፣ ድምጿ ግን አይሰማኝም። አምስት ደቂቃ ቆይተን ወጣን።

እዚያ ቤት የሠሩት የገጠር ልጆች ግን በቀን 12 እና 13 ሰዓት ቆመውበታል። ስለ ኢንዱስትሪ መጀመር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማሽኑና የፈጠረው ሰው ነው። ማሽኑ ሲመጣ የሰው ቀን ምን ሆነ? ማን ያዘዋል? እኔን የያዘኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሎውል ደግሞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሁሉም ነገር በአንድ ከተማ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተጀምሮ ሲለወጥ ይታያል። ሰዎቹን በስም አልጠራም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በ1800ዎቹ መጀመሪያ የኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስ ያለችበት የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ) ገበሬ ድንጋያማ በሆነ ጠባብ መሬት ላይ ነበር የሚኖረው። ልብስ ቤት ውስጥ ይሠራል። እኛ ዘንድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። እዚያ ግን ፈትሉም ሽመናውም በአብዛኛው የእናትና የልጅ ሥራ ነበር።

አንድ የቦስተን ነጋዴ ከ1810 እስከ 1812 እንግሊዝ ሰነበተ። እንግሊዝ የጨርቅ ማሽኖቿ ንድፍ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ከልክላ ነበር። ሰውየው ፋብሪካዎቹን እየዞረ አየ፣ ያየውንም በጭንቅላቱ ይዞ ተመለሰ። ከአንድ ጎበዝ መካኒክ ጋር ሆኖ ዋልተም በምትባል ቦታ በ1814 የሽመና ማሽን ሠራ፣ ፋብሪካም አቆመ። ጥሬው ጥጥ በአንድ በር ገብቶ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ፣ ጨርቅ ሆኖ የሚወጣበት ፋብሪካ ነበር። ነጋዴው በ1817 ሞተ። ሸሪኮቹ በ1822 ወደ ሜሪማክ ወንዝ ሄዱ። ወንዙ እዚያ ጋ 10 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ማሽን የሚያዞረው ጉልበት ይህ ነው። የመጀመሪያው ጨርቅ በ1823 ወጣ። ከተማዋም የሟቹን ስም ያዘች። በ1826 ነዋሪዋ 2,500 ገደማ ነበር። በ1850 ወደ 33,000 ደረሰ።

የወንዙን ውሃ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚወስደውን ቦይ በአካፋና በዶማ የቆፈሩት የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው። ለእነሱ ቤት የሠራላቸው የለም። ዳር ላይ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ይህን የማነሳው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ጥጡ የሚመጣው ከደቡብ፣ ከባሪያ እጅ ነው። ከሎውል ከሚወጣው ጨርቅ አንዱ ዓይነት ደግሞ ሻካራና ርካሽ ነበር፤ ተመልሶ ለእነዚያው ባሪያዎች ልብስ እንዲሆን ይሸጣል። የኒው ኢንግላንድ ፋብሪካዎች ያልነጣ ጨርቅ በቀይ ባሕር በኩል እኛም አገር ገብቷል። አቡጀዲ እያልን የለበስነው ነው። በ1903 የአሜሪካ ልዑክ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። የሎውልን ታሪክ ሳነብ የሩቅ ሰው ታሪክ የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

ከአባቶች ጋር የተደረገው ስምምነት

ባለፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ከየት ያምጡ? ወንዱ የራሱ መሬት አለው፤ ባይኖረውም ወደ ምዕራብ ሄዶ ይይዛል። እንግሊዝ ውስጥ ሕፃናትና ሙሉ ቤተሰብ በፋብሪካ እንዴት እንደሚጎሳቆል ወሬው አሜሪካ ደርሷል። ስለዚህ ዓይናቸው የገበሬ ሴት ልጆች ላይ ዐረፈ። ብዙዎቹ ከ15 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ናቸው።

አባት ግን ልጁን ለማያውቀው ከተማ ዝም ብሎ አይሰጥም። መፍትሔው ማደሪያ ቤት ሆነ። ኩባንያው ከፋብሪካው አጠገብ የጡብ ቤቶች በተርታ ሠራ። በየቤቱ አንዲት የቤት ኃላፊ አለች፤ ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከምሽቱ 4 ሰዓት በሩ ይዘጋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግዴታ ነው። ጠባይዋ ያልተወደደላት ልጅ ከሥራም ከቤትም ትወጣለች። ለአባት የተነገረው «ልጅህን እንደ ልጃችን እናያታለን» የሚል ነበር።

አንዱ ቤት ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ሴቶች ያድራሉ። መኝታ ክፍሉ ለአራት ወይም ለስድስት ነው፤ አንድ አልጋ ለሁለት። ሣጥን ከአልጋ ሥር ይገባል። ደብዳቤ የሚጻፈው ሣጥን ላይ ወይም ጉልበት ላይ ነው። አዲስ የመጣችዋን ልጅ ሥራ የምታስተምራት እዚያው ቤት ያለች እህቷ፣ የአክስቷ ልጅ ወይም የሰፈሯ ልጅ ናት።

ጥቅሙንም በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ለምግብና ለማደሪያ በሳምንት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገደማ ይቆረጣል። የቀረው በጥሬ ገንዘብ በእጇ ይገባል። አብዛኞቹ በራሳቸው ስም ገንዘብ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነበር። በ1829 የቁጠባ ባንክ ተከፈተ፤ እነሱም አስቀመጡ። የአባቷን ዕዳ የከፈለች አለች፣ ወንድሟን ያስተማረች አለች፣ ለትዳሯ ያጠራቀመች አለች። ማታ ማታ ትምህርታዊ ንግግር ይሰማሉ። ከ1840 እስከ 1845 ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚጽፉበት መጽሔት ነበራቸው። እርሻ ቤት ተቀምጣ የቀረች እኩያቸው ይህ ሁሉ አልነበራትም።

ችግሩ

ሎውል ውስጥ ጊዜ በደወል ነው። የመጀመሪያው ደወል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይደወላል። በበጋ ሥራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀምርና ከምሽቱ 1 ሰዓት ያበቃል። መሐል ላይ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ ሦስት ሩብ ሰዓት አለ። ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ቤት ደርሶ፣ በልቶ መመለስ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። በሳምንት ሲደመር በአማካይ 73 ሰዓት ይሆናል።

እርሻ ላይም ከጎህ እስከ ምሽት ይሠራል። ስንፍና አያውቁም እነዚህ ልጆች። ግን እርሻ ላይ ዝናብ ሲጥል ይታረፋል፤ ላሟ ከታለበች በኋላ ትንሽ ቁጭ ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ሥራው ይቆያል። ማሽኑ እንግዳ አይቀበልም። ክር እንዳይበጠስ አየሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ መስኮት አይከፈትም። ብናኙ በእርጥቡ አየር ውስጥ ይንሳፈፋል። መወርወሪያው ላይ ክሩን በቀዳዳው ለማሳለፍ ሸማኔዋ አፏን አስጠግታ በትንፋሿ ትስበዋለች፤ ብናኙም አብሮ ይገባል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታደርገው አስቡት።

ይህም ቢሆን ይቻል ነበር፣ ስምምነቱ በነበረበት ቢቆም። አልቆመም። ፋብሪካ በዛ፣ የጨርቅ ዋጋ ወረደ። ባለአክሲዮኖች ደግሞ የለመዱት የትርፍ ድርሻ እንዲቀር አልፈለጉም። ልዩነቱ ከሠራተኛዋ ይውጣ ተባለ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*1834።* በየካቲት ደሞዝ እንደሚቀነስ ተነገረ። ሴቶቹ በየክፍሉ መሰባሰብ ጀመሩ። አንዷ አስተባባሪ ተባረረች። ግቢ ውስጥ ወጥታ ቆቧን አውልቃ ወደ ላይ አወዛወዘች። ይህ ምልክት ነበር፤ በመስኮት ሲጠብቋት የነበሩት ሥራቸውን ጥለው ወረዱ። 800 ያህል ሴቶች ወጡ። ገንዘባቸውንም ከባንክ ማውጣት ጀመሩ። አያቶቻችን ለነጻነት የተዋጉ ነን፣ እንደ ባሪያ አንታይም አሉ። አድማው በጥቂት ቀናት አበቃ። ብዙዎቹ በተቀነሰው ደሞዝ ተመለሱ፣ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ሄዱ። ቅነሳው ጸና።

*1836።* አሁን የተጨመረው የማደሪያና የምግብ ሂሳብ ነው። ደሞዝ ሳይነካ ደሞዝ መቀነስ ማለት ነው። ከ1,500 በላይ ሴቶች ወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው የተለየ ዘዴም ይዘው መጡ። ሁሉንም ሠራተኛ ከማስወጣት ይልቅ አንድ ክፍል ላይ አተኮሩ፤ ለምሳሌ ድር የሚያዘጋጁትን ብቻ። ድር ከሌለ ሸማኔዋ ምን ትሸምናለች? ፋብሪካው በሙሉ ይቆማል። አድማው ረዘም አለ፣ አንዳንድ ኩባንያዎችም ጭማሪውን አነሱ። ይህ የፋብሪካ ሰው እውቀት ነው። የሥራውን ሂደት ከባለቤቱ በተሻለ የምታውቀው ቆማ የምትሠራው ናት።

ቀጥሎ 1837 ላይ ኢኮኖሚው ተናጋ። ሥራ ሲጠፋ አድማም ጠፋ። በእነዚያ ዓመታት ባለፋብሪካዎቹ ሌላ መንገድ አገኙ። ደሞዙን ከመቀነስ ይልቅ ማሽኑን አፈጠኑት። ሁለት ማሽን ትጠብቅ የነበረች ሸማኔ ሦስት፣ ከዚያም አራት ትጠብቅ ተባለ። ብዙ ጨርቅ ላስወጣ አለቃ ጉርሻ ይሰጠዋል። ለሸማኔዋ በእያንዳንዱ የጨርቅ ቁራጭ የሚከፈላት ዋጋ ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው በጣም ጨምሮ፣ በወሩ መጨረሻ እጇ ላይ የሚገባው ያው ነው። ይህ ከደሞዝ ቅነሳ የባሰ ይመስለኛል። ቅነሳ በወረቀት ተለጥፎ ይታያል። ፍጥነት የሚታየው አካል ላይ ነው።

*1845።* በ1844 መጨረሻ ሴቶቹ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ የሥራ ቀን 10 ሰዓት ይሁን። ከቤት ቤት እየዞሩ ከሁለት ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰቡና ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አስገቡ። ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቆመ። ሴቶቹም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ።

አንዲት ሸማኔ የሰጠችው ቃል እስካሁን አለ። ስለምትሠራበት ክፍል ነው የምትናገረው። 130 ያህል ሴቶች፣ 11 ወንዶችና 12 ልጆች አብረዋት ይሠራሉ። በምሽት ሥራ 293 ትንንሽ እና 61 ትልልቅ መብራቶች ይበራሉ። አንዳንድ ጊዜ ጠዋትም ይበራሉ። የክፍሉ አየር ለጤና የሚስማማ አይደለም ትላለች። ከስድስት ያነሰ ሴት በሕመም የቀረበት ቀን የለም፤ ሠላሳ የደረሰበትም ቀን አለ። ከዚያ ያለፈ ማጋነን የለም። ቁጥሩን አስቀምጣ ዝም አለች። 354 መብራት ማለት እኮ ነው፣ በአንድ ዝግ ክፍል።

ኮሚቴው ሎውል ድረስ ሄዶም አየ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ሣርና ዛፍ አለው፣ መስኮት ላይ አበባ ተቀምጧል። ሪፖርቱም ሰዓቱ ቢያጥር ጥሩ እንደሆነ አመነ፤ ግን ይህ የሕግ አውጪው ሥራ አይደለም፣ ሠራተኛና አሠሪ ይስማሙበት አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ የሎውል ተወካይና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ሴቶቹ ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም። ቢሆንም ይህ ሰው ዳግም እንዳይመረጥ ዘመቻ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ከ4,000 በላይ የሎውል ፊርማ ገባ። መልሱ ግን አልተለወጠም።

*1846።* በአንድ ፋብሪካ ሸማኔዎች አራተኛ ማሽን እንዲጠብቁ ታዘዙ፣ የቁራጭ ዋጋውም በአንድ ሳንቲም ሊቀነስ ነው። ሸማኔዎቹ ተሰብስበው ቃል ገቡ፦ በሦስት ማሽን የሚከፈለን ዋጋ በቁራጭ ካልተከፈለን አራተኛውን አንነካም። ቃሉን በጽሑፍ አድርገው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈረሙ። ኩባንያው ተወው።

የሠራውና ያልሠራው

ጠባብ የነበረው ጥያቄ ሠራ። የማደሪያ ጭማሪ ይነሳ። አራተኛ ማሽን አንነካም። ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ሥራ የታጠሩ ናቸው፤ እምቢ ማለት ብቻውን ይበቃቸዋል። የ10 ሰዓቱ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነበር፣ እሱም ፓርላማ ይፈልጋል። ፓርላማ ደግሞ መራጭ ይፈልጋል።

ትንሽ ትንሽ ነገር ተገኘ። በ1847 የምግብ ሰዓት በጥቂቱ ረዘመ። በ1853 ኩባንያዎቹ ቀኑን ወደ 11 ሰዓት አወረዱ። የ10 ሰዓት ሕግ ለሴቶችና ለልጆች ማሳቹሴትስ ውስጥ የወጣው በ1874 ነው። የ1845ቱን ወረቀት የፈረመች የ20 ዓመት ልጅ ያን ጊዜ 49 ዓመቷ ነበር።

ማደሪያ ቤቱ የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የተሠራው ለመቆጣጠር ነው። ነገር ግን ሠላሳ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አድረው፣ በአንድ ማዕድ በልተው፣ በአንድ ደወል ተነስተው ሳይነጋገሩ አይቀሩም። ፊርማው የዞረው በእነዚያ ክፍሎች ነው። አንዷ አልፈርምም ብትል አብራት የምትተኛዋ ነው የምትጠይቃት። ባለፋብሪካዎቹ ለአባቶች ብለው የሠሩት ቤት ማኅበር ሆነባቸው።

የእነሱ ሌላው ኃይል መሄጃ መኖሩ ነበር። ከተባረረች አባቷ ቤት ትመለሳለች። ይህ ለድፍረት ጥሩ ነው፣ ለትግል ግን ድካም አለው፤ ምክንያቱም ብዙዎች ሲመራቸው ታግለው ከመቆየት ይልቅ ሄዱ። ባለፋብሪካዎቹ በቦታቸው መሄጃ የሌለውን ሰው አስገቡ። ከ1845 በኋላ አየርላንድ በረሃብ ስትመታ ስደተኛው ጎረፈ። በአንዱ ኩባንያ በ1836 ከውጭ አገር የመጡ ሠራተኞች ከ4 በመቶ በታች ነበሩ። በ1860 ከ60 በመቶ በላይ ሆኑ። ማደሪያ ቤቱ፣ መጽሔቱ፣ የማታው ንግግር፣ ያ ሁሉ እንክብካቤ ቀስ በቀስ ቀረ። ለአባቶች የተገባ ቃል ነበርና፣ የሚጠይቅ አባት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ።

ሴቶቹ ላይ የማነሳው ቅሬታም አለ። ብዙዎቹ ፀረ ባርነት አቤቱታ ላይ ፈርመዋል፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። አጠገባቸው ጎጆ ውስጥ ከነበሩት አየርላንዶች ጋር ግን በጊዜ አልተቀራረቡም። «የነጻ ሰው ልጆች ነን» የሚለው ቃል ለእነሱ ክብር ሰጣቸው፤ እንደዚያ ማለት የማይችለውን ጎረቤት ግን ከውጭ አስቀረው።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው

ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ አብዛኛው ሠራተኛ ከገጠር የመጣ ወጣት ሴት ሆነ። ጥያቄው ወዲያው የቤት ጥያቄ ሆነ፤ ኪራይ ደሞዙን ይበላል፣ ልጆቹ ክፍል ይጋራሉ፣ ብዙዎችም ቶሎ ይለቃሉ። ሁለቱ ቦታዎች አንድ ናቸው አልልም፤ ዘመኑም ገበያውም ሌላ ነው። ግን የሎውልን ጉዳይ ያየ ሰው ደሞዝን ለብቻው አያይም። ደሞዝ፣ ኪራይ፣ ምግብና ሰዓት አንድ ሂሳብ ናቸው። አንዱ ሳይነካ በሌላው በኩል ሊወሰድ ይችላል፣ 1836 ላይ እንደሆነው።

የሥራ ፍጥነትም እንደዚያው ነው። በቁራጭ የሚከፈል ሰው ስንት ብር እንደሚያገኝ ብቻ ሳይሆን፣ ያን ብር ለማግኘት ዛሬና ከሁለት ዓመት በፊት ስንት ቁራጭ እንደሠራ መጻፍ አለበት። የሎውሏ ሸማኔ መብራቱን አንድ በአንድ ስለቆጠረች ነው ያ ክፍል ዛሬም የሚታየን። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

አሠሪው ማደሪያ ሠራልን ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የክፍሉን ስፋት አይደለም። ሎውል ውስጥ ከሥራ የተባረረች ልጅ ከአልጋዋም ትባረራለች። የምስክር ወረቀት ሳይሰጣት ከወጣች ሌላው ፋብሪካ አይቀበላትም፤ ስሟ ቀድሟት ይደርሳል። ስለዚህ ውሉ ላይ ይህ ይጻፍ፦ ከሥራ የተሰናበተች ሠራተኛ ሌላ እስክታገኝ በማደሪያው ስንት ቀን ትቆያለች?